አሮጌ ኮምፒዩተርና ብዙ ዲስኮች፦ ከመሰካት ወደ መጠበቅ

በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል

ርእሱ በመጀመሪያ ሲሰማ ለሕዝብ ንግግር የሚበቃ ላይመስል ይችላል። በአንድ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ውጫዊ ሃርድ ዲስኮችን እንዴት እንሰካለን? የጥገና ክፍል ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ባለፉት ዓመታት ከልዩ ልዩ የትምህርት ክፍሎች ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል የዚህን ያህል የተደጋገመ የለም። ጠያቂዎቹም የኮምፒዩተር ባለሙያዎች አይደሉም። የቃል ግጥም የሚሰበስቡ፣ የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ የሚያነሡ፣ የአገር ሽማግሌዎችን ድምፅ የሚቀርጹ መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች በእጃቸው የያዙትን ነገር መጠን በቁጥር ላሳያችሁ። በሁለት ቻናል፣ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ የተቀረጸ ያልታመቀ ድምፅ በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። በ20 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሣ አንድ የብራና ገጽ ሳይታመቅ ሲቀመጥ 60 ሜጋባይት ይሆናል። 200 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 400 ገጽ ነውና፣ መጽሐፉ ብቻውን 24 ጊጋባይት ይፈልጋል። እንግዲህ በጥቂት ዓመታት የመስክ ሥራ ውስጥ አንድ የትምህርት ክፍል አራትና አምስት ዲስክ ቢሞላ የሚያስደንቅ አይሆንም። ዲስኩ እየበዛ ይሄዳል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ያው ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለው ነው።

እኔ አሮጌውን መሣሪያ ጣሉት ለማለት አልመጣሁም። በልኩ ከተጫነ ገና ብዙ ይሠራል። የመጣሁት ሁለት ነገሮች እንዳይምታቱ ለማሳሰብ ነው፤ ዲስክን መሰካት አንድ ሥራ ነው፣ በዲስኩ ውስጥ ያለውን መጠበቅ ሌላ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን በደንብ ካላወቅን ሁለተኛው ይበላሻል።

«ስንት ይሰካል?» የሚለውን ጥያቄ በቁጥር መመለስ ቀላል ነው። የዩኤስቢ ሥርዓት ለአንድ ተቆጣጣሪ እስከ 127 የሚደርሱ የመሣሪያ አድራሻዎችን ይፈቅዳል። ይህን የሰማ ሰው አራትና አምስት ዲስክ ምን ቁም ነገር አለው ሊል ይችላል። ሆኖም አድራሻ መኖሩ ብቻውን መሣሪያውን አያሠራውም። ጥያቄው በእርግጥ አራት ጥያቄዎችን በውስጡ ይዟል፤ የኃይል፣ የመንገድ፣ የቋንቋና የጥበቃ ጥያቄዎችን። በየተራ ልመልከታቸው።

አንደኛ፦ ኃይል

ምጣድ ሲሰካ የቤቱ አምፖል ደብዘዝ የሚልበትን ሁኔታ ሁላችንም እናውቀዋለን። በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ዲስክ ሲሰካ የሚሆነውም በመሠረቱ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 ለአንድ መሰኪያ በ5 ቮልት 500 ሚሊአምፔር ይመድባል፤ ይህም 2.5 ዋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3.0 ይህን ወደ 900 ሚሊአምፔር፣ ማለትም ወደ 4.5 ዋት፣ ከፍ አድርጎታል። ዛሬ የምንነጋገርባቸው አሮጌ ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት መሰኪያ ብቻ ያላቸው ናቸው።

ውጫዊ ዲስኮችም ሁለት ዓይነት ናቸው። ትልቁ፣ ባለ 3.5 ኢንቹ፣ የራሱ አዳፕተር ስላለው ኃይሉን በቀጥታ ከግድግዳው ይወስዳል፤ ከኮምፒዩተሩ የሚፈልገው የመረጃ መተላለፊያ ብቻ ነው። ትንሹ፣ በኪስ የሚያዘው ባለ 2.5 ኢንቹ፣ ግን የሚኖረው በዚያችው ቀጭን ገመድ በሚመጣለት ኃይል ነው። በውስጡ ያለው ሳህን ከቆመበት ተነሥቶ መሽከርከር ሲጀምር፣ ለጥቂት ሰኮንዶች ከ500 ሚሊአምፔር በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ብዙው ችግር የሚፈጠረው በእነዚህ ጥቂት ሰኮንዶች ነው።

ምልክቱን እንወቅ። መብራቱ ይበራል፣ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ በስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ ይጠፋል፣ እንደገና ብቅ ይላል። ይህን ያየ ሰው «ዲስኩ ሞቷል» ብሎ ይደመድማል። ብዙ ጊዜ ግን ዲስኩ የተራበ እንጂ የሞተ አይደለም። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንሞክር። ዲስኩን ከፊት ለፊት መሰኪያ ነቅለን ከኋላ እንሰካው፤ የኋላዎቹ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ሲሆኑ፣ የፊተኞቹ በሣጥኑ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ሽቦ የሚደርሱ ናቸውና። ረጅሙን ገመድ በአጭር እንለውጠው። ሌሎቹን ዲስኮች ነቅለን ብቻውን እንሞክረው። በቂ ኃይል አግኝቶም ጠቅ ጠቅ ማለቱን ካላቆመ፣ ያን ጊዜ ችግሩ የአካሉ ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ ደጋግሞ መሰካት ጉዳቱን ያባብሳልና ወዲያው ነቅሎ ለባለሙያ መስጠት ይገባል።

ብዙ ዲስክ መሰካት ግድ ሲሆን ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ዩኤስቢ ማከፋፈያው፣ በተለምዶ ሃብ ወደምንለው ነው። እዚህ ላይ አንድ ስሌት አለ። የራሱ አዳፕተር የሌለው ሃብ ከኮምፒዩተሩ የሚያገኘው ያንኑ 500 ሚሊአምፔር ነው። 100ውን ለራሱ ያስቀራል፤ የተረፈውን 400 ለአራት መሰኪያ ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 100 ሚሊአምፔር ነው። ይህ ለመዳፊትና ለኪቦርድ ይበቃል፤ ለሚሽከረከር ዲስክ ግን አይበቃም። ስለዚህ የሚገዛው ሃብ ከግድግዳ የሚሰካ የራሱ አዳፕተር ያለው መሆን አለበት። ልኩም ይሰላል፤ ለእያንዳንዱ ዲስክ 900 ሚሊአምፔር ብንይዝ አራቱ 3.6 አምፔር ይሆናሉና፣ 5 ቮልትና 4 አምፔር የሚሰጥ አዳፕተር ተገቢ ነው። ሃብ ስትገዙ በሣጥኑ ላይ ስንት መሰኪያ እንዳለው ከማንበባችሁ በፊት በአዳፕተሩ ላይ ስንት አምፔር እንደተጻፈ አንብቡ።

ሁለተኛ፦ መንገድ

ኃይሉ ከተሟላ በኋላ የመረጃው መንገድ ይመጣል። የሰፈር ቦኖ አስቡ። ስድስት የውኃ መክፈቻ ቢኖረው እንኳ ከመሬት በታች የሚመጣለት ቧንቧ አንድ ከሆነ፣ ስድስቱ ሲከፈቱ ለእያንዳንዱ ባልዲ የሚደርሰው ጥቂት ነው። የአሮጌው ኮምፒዩተር የዩኤስቢ መሰኪያዎችም እንዲሁ ናቸው። መሰኪያዎቹ ብዙ ቢሆኑም አንድ ተቆጣጣሪ ይጋራሉ።

ዩኤስቢ 2.0 በሰኮንድ 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል ይባላል። ይህ በባይት ሲለካ 60 ሜጋባይት ነው፤ በተግባር ግን ለዲስክ የሚደርሰው ከ30 እስከ 40 ቢሆን ነው። 35ን ብንወስድ፣ አንድ ቴራባይት ለማንበብ 8 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ከአንዱ ውጫዊ ዲስክ ወደ ሌላው ስንገለብጥ ደግሞ መረጃው በዚያው ቧንቧ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ አንድ ጊዜ ሲገባ፣ አንድ ጊዜ ሲወጣ። ስለዚህ ጊዜው እጥፍ፣ 16 ሰዓት ያህል ይሆናል። በመካከል መብራት ሳይጠፋ 16 ሰዓት ማግኘት በብዙ ቦታ ቀላል እንዳልሆነ ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም። የፍጥነት ጉዳይ የደኅንነት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ገንዘብ ሳይወጣ የሚገኝ አንድ መላ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ገደማ ጀምሮ በተሠሩ ብዙ የኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ ሁለት የዩኤስቢ 2.0 ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ መሰኪያዎቹም ለሁለቱ ተከፋፍለዋል። በዊንዶውስ የመሣሪያዎች ማስተዳደሪያ ውስጥ «በግንኙነት» ቅደም ተከተል እንዲያሳይ ስናዘው፣ የትኛው ዲስክ በየትኛው ተቆጣጣሪ ሥር እንዳለ እናያለን። የሚገለበጥበትን ዲስክ በአንዱ፣ የሚገለበጥለትን በሌላው ሥር ከሰካን፣ ሁለት ቧንቧ አገኘን ማለት ነው። ሁለቱንም በአንድ ሃብ ላይ ከሰካናቸው ግን ይህ ዕድል ያመልጠናል።

ጥቂት ገንዘብ ከተገኘ ደግሞ ዩኤስቢ 3.0 ካርድ በማዘርቦርዱ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ላይ መጨመር ይቻላል። የመጀመሪያው ትውልድ ትንሹ ማስገቢያ እንኳ በአንድ አቅጣጫ በሰኮንድ እስከ 250 ሜጋባይት ይችላል። በዚህ መንገድ በሰኮንድ 100 ሜጋባይት የሚያነብ ዲስክ አንዱን ቴራባይት ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ከመግዛት በፊት ግን ሦስት ነገር ይጣራ። ማስገቢያው ፒሲአይ ኤክስፕረስ መሆኑ፤ የቀድሞው ፒሲአይ በአጠቃላይ 133 ሜጋባይት ብቻ ስለሚያሳልፍና እሱንም ለሁሉም ስለሚያካፍል ጥቅሙ ውስን ነው። ካርዱ ከኮምፒዩተሩ ፓወር ሰፕላይ በቀጥታ ኃይል የሚቀበልበት ማገናኛ ያለው መሆኑ፤ ከሌለው ወደ ኃይል ጥያቄያችን ተመለስን ማለት ነው። ለምትጠቀሙበት ሥርዓት ሾፌር የሚገኝለት መሆኑ፤ ዊንዶውስ 7 ለዩኤስቢ 3.0 የራሱ ሾፌር የለውም፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን አብሮ ይመጣል፤ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ይደግፈዋል።

ሦስተኛ፦ ቋንቋ

ይህን ክፍል አጠር አደርገዋለሁ፤ ነገር ግን ከሁሉ የከፋው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ነው። ዲስክና ኮምፒዩተር በአንድ ቋንቋ መነጋገር አለባቸው። ኤምቢአር በሚባለው አሮጌ አከፋፈል የተዘጋጀ ዲስክ በተለመደው አሠራር ከ2.2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ መያዝ አይችልም። ከዚያ የሚበልጡት በጂፒቲ ይዘጋጃሉ፤ ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ይህን አያነብም። ፋት32 የተባለው የፋይል ሥርዓት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። በማክ ኮምፒዩተር የተዘጋጀን ዲስክም ዊንዶውስ በራሱ አያነብም።

እንዲህ ያለ የማያውቀው ዲስክ ሲሰካበት አሮጌው ኮምፒዩተር «አላወቅሁትም» ብሎ ዝም አይልም። «ዲስኩን ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የቀናና የትሕትና ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን «በውስጡ ያለውን ልደምስሰው?» ማለት ነው። ተማሪዎቼ፣ ከዛሬው ንግግር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ሥራ ላለበት ዲስክ ይህ ጥያቄ ሲቀርብ መልሱ ሁልጊዜ «አይሆንም» ነው። ዲስኩን ነቅላችሁ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሞክሩት።

ከዚህ ጋር የስም ጉዳይ ይያያዛል። ዊንዶውስ ለዲስኮች የሚሰጠው ፊደል ቋሚ አይደለም፤ ትናንት ኢ የነበረው ዛሬ ኤፍ ሊሆን ይችላል። ሁለት መልካቸው አንድ የሆነ ዲስኮች ሲሰኩ ደግሞ ምንጩንና መድረሻውን ማሳሳት ቀላል ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዲስክ የራሱን ስም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ስጡት፤ ያንኑ ስም በዲስኩ ጀርባ በማይለቅ ቀለም ጻፉ። በተጨማሪም፣ ዲስኮች እንደተሰኩ ኮምፒዩተሩ አልነሣ ካለ፣ ሥርዓቱን ከውጫዊው ዲስክ እየፈለገ ሊሆን ይችላልና በባዮስ ውስጥ የማስነሻውን ቅደም ተከተል አስተካክሉ።

አራተኛ፦ ጥበቃ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገኝ አንድ የትምህርት ክፍል አራት ዲስኮችን ኃይል በሌለው ሃብ ላይ ሰክቶ፣ የዓመታት የመስክ ቅጂዎችን ከትንንሾቹ ወደ አንድ ትልቅ ዲስክ ያዛውር ነበር። ልብ በሉ፣ ያዛውር ነበር እንጂ አይገለብጥም ነበር። በመካከል መብራት ጠፋ። ሲመለስ የትልቁ ዲስክ ማውጫ ተበላሽቶ ተገኘ፤ ከምንጮቹም የተዛወረው ክፍል ተነሥቷል። ከጠፉት መካከል የአንዲት አልቃሽ እናት ሙሾ ነበረበት። ሴትዮዋ ከተቀረጹ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ከሳቸው በኋላ ያን ዜማ በዚያ አኳኋን የሚያወርድ ሰው በቀበሌው አልተገኘም። ለዲስክ ምትክ ይገዛል፤ ለእኚህ እናት ድምፅ ግን ምትክ የለውም።

ከዚህ የሚከተሉ ሦስት ሥርዓቶች አሉ።

የመጀመሪያው፣ አታዛውሩ፤ ገልብጡ፣ አመሳክሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ፣ አስፈላጊ ከሆነ፣ ከምንጩ አንሡ። ማመሳከር ስል የፋይሎችን ብዛት መቁጠር ብቻ ማለቴ አይደለም። ሻ-256ን የመሰሉ ስሌቶች ከእያንዳንዱ ፋይል አንድ አጭር መለያ ያወጣሉ፤ ከፋይሉ አንዲት ቢት ብትለወጥ መለያው ይለወጣል። የምንጩና የግልባጩ መለያ አንድ ከሆነ ግልባጩ የታመነ ነው። ቁም ጸሐፊ ገልብጦ ሲጨርስ ከእናቱ መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ እንደሚያርም ሁሉ፣ የእኛም ሥራ ያለ ማረም አያልቅም።

ሁለተኛው፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የተሰኩ አምስት ዲስኮች አምስት መጠባበቂያዎች አይደሉም። አንድ የኃይል መዋዠቅ፣ አንድ ሌባ፣ አንድ የጣሪያ ፍሳሽ አምስቱን በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ሲዛመት፣ የቆለፈው የኮምፒዩተሮቹን የውስጥ ዲስክ ብቻ አልነበረም። በዚያ ሰዓት ተሰክተው የተገኙ ውጫዊ ዲስኮችንም አብሮ ቆልፏል። የዳኑት በመሳቢያ ውስጥ የነበሩት ናቸው። ድጋፍ የተቋረጠበት ሥርዓት የሚሠራበት አሮጌ ኮምፒዩተር ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ፣ ዲስኮች በሚሰኩበት ጊዜ ከኢንተርኔት ቢለይ እመክራለሁ።

ሦስተኛው፣ ግልባጮች በተለያየ ስፍራ ይኑሩ። ለዚህ የራሳችን ታሪክ ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣቱ ታላቅ ሥራ ሲጀመር፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዘመን አስቀድሞ ያየ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት አብዮቱ መጣ። ሥራው ግን ቀጠለ፤ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትም ተነሡ። ከፊልሙ ቅጂ በአገር ቤት ሲቀመጥ ሌላው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ተቀምጠው ለዓመታት ያዘጋጁት ዝርዝር ለዓለም ተመራማሪዎች መንገድ ከፈተ። የፊልሙ መሣሪያ ዛሬ አርጅቷል። ቅጂን በሁለት ስፍራ የማኖር አሳብ ግን አላረጀም። አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ለሰው ነው፤ ለዲስክም ይሠራል።

ክቡራትና ክቡራን፣

እነዚህን አራት ነገሮች ስናያይዛቸው በመጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። «አምስት ዲስክ እንዴት ልስካ?» ብሎ ለሚመጣ ሰው ዛሬ በመጀመሪያ የምመልስለት በጥያቄ ነው፦ አምስቱ በአንድ ጊዜ ለምን ያስፈልጉሃል? ለመገልበጥ ሁለት ይበቃሉ፤ ምንጭና መድረሻ። በአምስቱ ውስጥ ያለውን ለመፈለግ ከሆነ ደግሞ የፋይሎቹን ስም ዝርዝር አንድ ጊዜ አውጥቶ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከዚያም የሚፈለገውን አንዱን ዲስክ ብቻ መሰካት ይቻላል። በእርግጥ አምስቱም አብረው የሚያስፈልጉበት ሥራ አለ፤ ለምሳሌ በልዩ ልዩ ዲስኮች ላይ ያሉ ምስሎችን በአንድነት የማደራጀት ሥራ። ለዚያ ጊዜ የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ፣ የኋላ መሰኪያና መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ ይዘጋጅ። ዩፒኤሱ ኮምፒዩተሩን ብቻ ሳይሆን የሃቡንና የትልልቆቹን ዲስኮች አዳፕተሮችም እንዲይዝ ይደረግ፤ ኮምፒዩተሩ በርቶ ዲስኩ ቢጠፋ ጉዳቱ ያው ነውና። ሥራው ሲያልቅ በሥርዓቱ በኩል «በደኅና አስወግድ» የሚለው ትእዛዝ ተሰጥቶ፣ ዲስኮቹ ተነቅለው ወደየቦታቸው ይመለሱ።

ለየክፍሎቻችን ኃላፊዎችም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዲስክ ሲገዛ አንድ አይገዛ፤ ጥንድ ይገዛ። የአንዱ ቦታ በክፍሉ፣ የሌላው ቦታ በሌላ ሕንፃ፣ ቢቻል በሌላ ከተማ ይሁን። የትኛው ዲስክ የት እንዳለ፣ መቼ እንደ ተመሳከረ፣ ማን እንደ ተረከበው የሚጻፍበት አንድ መዝገብ ይኑር። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እያንዳንዱ ዲስክ ይሰካና መለያዎቹ እንደገና ይመሳከሩ፤ በመሳቢያ ውስጥ ያለ ዲስክም ያረጃልና። ለዚህ ሁሉ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ኃላፊነቱ በስሙ የተጻፈ አንድ ሰው ነው።

ተማሪዎቻችን በየገጠሩ ተጉዘው የሚያመጡት ድምፅ፣ ባለቤቶቹ አምነው የሰጡን አደራ ነው። አደራውን የምንቀበለው በማይክራፎን ፊት ብቻ አይደለም፤ በዚያች አሮጌ ኮምፒዩተር ጀርባ ጎንበስ ብለን ገመድ በምንሰካበትና በምንነቅልበት ጊዜም ነው።